ጋዙ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ቤት

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ ስመኝ፣

ከነእናትሽ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ አጎትሽ ንጋቱ፣ ከማይሰማው ጆሮዬና ከማይታዘዘኝ ጉልበቴ በቀር፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ባለፈው ደውለሽ ስትጮኺ ከሁሉም የሰማሁት «ጋሼ» የምትለዋን ብቻ ነው። ስለዚህ ስልኩን ትተን በወረቀት እናውራ። እኔ እጽፋለሁ፤ ጎረቤቴ የሺሀረግ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቋ ብቅ ብላ ፎቶ ታነሣና በቴሌግራም ትልክልሻለች። አንቺም በእጅሽ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ እሷ ታትምልኛለች። በታይፕ የተጻፈ ከመጣ የቀበሌ ጥሪ ይመስለኝና ልቤ ትደነግጣለች።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሳሎኑ ቆርቆሮ ዝጎ ወንፊት ሆኗል። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ኮከብ አያለሁ ብልሽ አልዋሸሁም። ያምራል ደግሞ፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ዓይነት ጎብኚ አልመጣልኝም። ችግሩ ብርዱም በዚያው ነው የሚገባው። እጅሽ ላይ ትርፍ ካለ፣ ካለ ነው ያልኩት፣ ለቆርቆሮ አግዢኝ። ከሌለም አትጨነቂ።

እትዬ እንግዳወርቅን ጉንጯን ሳሚልኝ። ቀኑን በምን እንደምታሳልፍ ጻፊልኝ። ሰዎች ሲደውሉላት «ደህና ነኝ» ነው አሉ መልሷ። እህቴን አውቃታለሁ፤ በልጅነቷ ክንዷ ተሰብሮ እንኳ ደህና ነኝ ብላን ነው ከእኛ ጋር ራት የበላችው።

የእመብርሃን ጥላ ከቤታችሁ አይራቅ።

አጎትሽ ንጋቱ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዲሴምበር 8 ቀን 2024

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ንጋቱ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኛ ደህና ነን፣ ተመስገን።

ስለቆየሁብዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራዬ ያለው አሌክሳንድሪያ ነው፣ ከወንዙ ማዶ። ቤልትዌዩ፣ ቀለበት መንገዱ፣ ላይ ትራፊክ ከያዘኝ መኪና ውስጥ ነው የማረጀው። ቀኑን ሙሉ ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ስቆም እውላለሁ፤ ቤት ስገባ እስክሪብቶ ማንሣቱ ራሱ ሥራ ይሆንብኛል።

ስለ ቆርቆሮው፣ ጋሼ፣ አፍሬያለሁ። ለእርስዎ ብዬ ያስቀመጥኩትን ጋዝ ገዛሁበት። ግራ ይገባዎት ይሆናልና ላስረዳዎት። ዊተን አፓርታማ ውስጥ ሳለን ማሞቂያው ከኪራዩ ጋር ነበር፤ ስለ እሱ አስቤም አላውቅ። እማዬ ግን «ምንድነው መሳቢያ ውስጥ እንደተቀመጠ ካልሲ! እግሬ መሬት የሚረግጥበት ቤት አግቢኝ» አለች። እንደምንም ብዬ ገዛሁላት። ሲልቨር ስፕሪንግ ይባል እንጂ ከሜትሮው ባቡር ርቆ ዛፍ መሀል ነው፣ የከተማው የጋዝ ቧንቧ እዚህ አይደርስም። ስለዚህ ፕሮፔን ነው የምናነደው። ጓሯችን ውስጥ ነጭ፣ ረጅም ታንክ ተጋድሟል፤ ላዩ ላይ ያለው የመጠን መለኪያ መርፌ ቀዩ ጋ ሲደርስ ካምፓኒው በመሣሪያ አይቶ መኪና ይልክና ይሞላል። መኪናው በመጣ ቁጥር ከጋዙ ሌላ የመምጫም ያስከፍላል። ታንኩ ራሱ የእነሱ ስለሆነ፣ ሌላ ጋ ዋጋው ቢረክስ እንኳ ከሌላ ማስሞላት አይፈቀድም። በሰመር፣ ሙቀቱ ሳለ፣ ቀድሞ የከፈለ በርካሹ ዋጋ ይዘልቃል፤ እኔ ያኔ መኪናዬ ተበላሽቶብኝ አመለጠኝ።

ይሁን፣ ይኼም ባልከፋ። የሚያናድደኝ እንዲህ ቶሎ ማለቁ ነው! የጎረቤታችን ታንክ ገና ግማሽ ሳይሆን የጋዙ መኪና እኛ ጋ ሦስተኛ ጊዜ መጣ። ስወጣ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታቱን፣ ዝቅ አደርጋለሁ፣ ስመለስም ዝቅ እንዳለ ነው የማገኘው። ጋዙ ግን የለም። ወዴት ነው የሚሄደው?

እማዬ ቀኑን በምን እንደምታሳልፍ ጠይቀውኛል። እውነቱን ልንገርዎት፣ በደንብ አላውቅም። ስወጣ ተኝታለች፣ ስገባ ራት ሠርታ ትጠብቀኛለች። ታንኩን ግን ወዳዋለች፤ «ነጮ» ብላ ስም አውጥታለታለች። በቀደም ትንሽ በረዶ ጥሎ፣ ከጓሮ በር እስከ ታንኩ የእግሯን ዱካ አየሁ። ጠዋት ጠዋት እየሄደች የምትዳብሰው መሰለኝ። ሳቄ መጣ።

በሚቀጥለው ወር ስለ ቆርቆሮው እሞክራለሁ።

አክባሪዎ ስመኝ


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ስመኝ፣

ሰላምሽ ይብዛ። የላክሽው ወረቀት ደርሶኝ መስኮቱ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። የእጅሽ ጽሑፍ መሮጥ ይወዳል፤ አንዳንዱ ፊደል ጫማ ሳያደርግ የወጣ ነው የሚመስለው።

ፕሮፔን ምንድነው ብዬ የሺሀረግን ብጠይቃት «ያው ቡታጋዝ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። ቡታጋዝማ እኛም እናውቃለን፤ ሲመጣ ሰው ተሰልፎ፣ ሲሊንደሩን በትከሻው ተሸክሞ። የናንተው ግን ጓሮ ተጋድሞ ሰው እስኪመጣለት ይጠብቃል ስትዪኝ በሐሳቤ ሲመላለስ ሰንብቶ ጭራሽ በሕልሜ መጣ።

ልንገርሽማ። ነጯ ታንካችሁ ላም ሆና በረዶው ላይ ተኝታ ታመሰኳለች። ዛፎቹ ቆመው ዝም ብለዋል። እትዬ እንግዳወርቅ በርጩማ ይዛ ሄደችና ማለብ ጀመረች። የሚወርደው ግን ወተት አይደለም፣ ሙቀት ነው። ሙቀቱ ቀለም ነበረው፤ ገብስ ሊታጨድ ሲል ያለውን ቀለም ታውቂው የለ? እሱን ነው። እህቴ እየሳቀች እንስራ ውስጥ ትቀዳዋለች፣ እንስራውም አይሞላ፣ እሷም አይደክማት። ስነቃ፣ ብታምኚኝ፣ እግሬ ሞቆ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ብርዱን ረስቼው ዋልኩ።

ሕልም ሕልም ነው፤ አንቺ ግን ቧንቧውን አስፈትሺ። ጋዝ ካፈሰሰ ይሸታል፣ አደጋም አለው። የቆርቆሮውን ነገር እርሺው፣ ላስቲክ ጣል አድርጌበታለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቤታችሁ ማን ማን ይመጣል? ስለ ጋዙ ሁለት ገጽ ስትጽፊልኝ ስለ ሰው አንድም ነገር አላልሽኝም።

በጤና ያገናኘን።

አጎትሽ ንጋቱ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 2025

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ንጋቱ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎት። ሕልምዎን ለእማዬ ሳነብላት «እንስራው አልሞላም አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ተነሥታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

ቧንቧውን አስፈተሽኩ። ምንም የሚያፈስ ነገር የለም፣ ፈርነሱም፣ ማሞቂያ ምድጃው ማለቴ ነው፣ ጤነኛ ነው ተባልኩ። ለፍተሻው ደግሞ ሌላ ቢል መጣልኝ፣ እሰይ!

እዚህ ትልቅ በረዶ ወርዷል። ማለዳ መጋረጃውን ስገልጥ ዛፉም፣ መንገዱም፣ የቆሙት መኪኖችም የሉም። ድምፅ የሚባል ነገር ጠፍቶ፣ ከምድር ቤቱ የፈርነሱ ሽውታ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ቤቱ ራሱ ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ እማዬን ቀስቅሼ አብረን በመስኮት ስናይ ቆየን። «ማንም አይመጣም ዛሬ» አለች። እኔ ስለ መንገዱ መስሎኝ «ሊጠርጉት ይመጣሉ» አልኳት።

ማን ይመጣል ላሉኝ፣ ማንም አይመጣም። ጎረቤቱ እጁን ያውለበልብልንና መኪናው ውስጥ ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «እንመጣለን» ይላሉ፣ መንገዱ ይርቃቸዋል። የሚመጣው የጋዙ ሹፌር ብቻ ነው። ክላረንስ ይባላል፣ ፀጉሩ የሸበተ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ እኔ ሥራ ላይ ስለምሆን አንዴ ነው ያየሁት። እማዬ ስሙን መጥራት ስላቃታት «ብስራት» ብላዋለች።

አሁን ከባዱን ልንገርዎት። ጋሼ፣ በዚህ ዓይነት ቤቱን አልዘልቀውም። ኦቨርታይም ሠርቼ የማገኘው እንዳለ ጋዝ ሆኖ ይነዳል። ስለዚህ እማዬን እስከ ግንቦት ወደ እርስዎ ልልካት አስቤያለሁ። ቀን ቀን ሰው ከሌለ ማሞቂያውን አጥፍቼ እወጣለሁ። ቲኬት አይቻለሁ፣ አልቆረጥኩም። ስነግራት «እንደፈቀድሽ» አለችኝ። ይኼ «እንደፈቀድሽ» ከስድብ በላይ ነው የከነከነኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ምን ይላሉ? ይምከሩኝ።

አክባሪዎ ስመኝ


ደብረ ብርሃን፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ስመኝ፣

እንደምን ከረምሽ? እህቴ ብትመጣ ደስታዬን አልችለውም። አልጋዬን ለቅቄላት እኔ መደቡ ላይ እተኛለሁ፤ ኮከቡን ተራ በተራ እናያለን። ይኼን የምልሽ እንዳትሳቀቂ ነው። እናትሽ ለአንድም ቀን በዚህ ቤት ሸክም አትሆንም።

ግን ቲኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት አንድ ወሬ ላውጋሽ። ሕልሙ ነው የቀሰቀሰብኝ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከፊቴ አልጠፋ ብሏል።

ልጆች ሳለን ቤታችን ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከመንደሩ ተነጥሎ ነበር። አባታችን ሰው አይወድም፤ እናታችን ሥራ አይለቃትም። እትዬ እንግዳወርቅ ውሃ ቀጂ ነበረች። ምንጩ ከታች ነው፤ ጭጋግ ሲሞላው ምንጩ አይታይም፣ ውሃ የሚቀዱት የመንደሩ ሴት ልጆች ሳቅ ግን ከጭጋጉ ውስጥ እኛ ድረስ ይወጣል። እህቴ ቀድታ ትመጣለች። እናታችን ዞር ስትል እንስራውን ጓሮ ትወስድና ውሃውን በሙሉ ትደፋዋለች። ከዚያ «ውሃ አልቋል» ብላ ተመልሳ ትወርዳለች። ዳገቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ብታዪ ታለቅሺ ነበር። እናታችን «ይኼ እንስራ ያንጠባጥባል» ብላ አስፈተሸችው፣ ቀዳዳ አልተገኘበትም፤ ኋላ ተናዳ አዲስ ገዛች። አዲሱም አልበቃ አለ።

ጓሮ ስትደፋ ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ። «ለማንም ብትናገር ምላስህ ይቆረጥ» ብላ አስማለችኝ። እስከዛሬ አልተናገርኩም ነበር፣ ምላሴም በቦታው ነው።

ለምን ይኼን እንደነገርኩሽ እኔም ደህና አድርጌ አላውቀውም። ከዚህ በኋላ ቆርቆሮም ሌላም አልጠይቅሽም። አንድ ቀን ብቻ ልለምንሽ። ሳትነግሪያት፣ አንድ ቀን በጊዜ ቤት ግቢ።

እግዚአብሔር ልቦና ይስጠን።

አጎትሽ ንጋቱ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፌብሯሪ 27 ቀን 2025

ጋሼ፣

ይኼን ያህል የቆየሁት ደብዳቤዎ አናዶኝ ነው፤ አልደብቅዎትም። «ምክር ጠየቅኩ፣ ተረት ላኩልኝ» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ኋላ ግን መኪና እየነዳሁ ሳለ፣ ቤልትዌዩ ላይ፣ እንስራው ትዝ አለኝ። ያስፈተሹት እንስራ። እኔ ቧንቧውን እንዳስፈተሽኩት ማለት ነው።

ትናንት አለቃዬን አስፈቅጄ ከቀትር በኋላ ወጣሁ። ቤቱ ጋ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት መጋረጃዎቹን ነው። መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ መጋረጃዎቹ በውጭ በኩል ይንሳፈፋሉ። ፈርነሱ በሙሉ ኃይሉ ያጓራል። ከመስኮቶቹ የሚወጣው ሙቀት በፀሐዩ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አየዋለሁ፣ ከሥር ያለው በረዶ ቀልጦ ሣር አብቅሏል፣ ጋሼ! በዚያ ሁሉ ነጭ መሀል ከግድግዳው ሥር አንድ መስመር አረንጓዴ። እውነቴን ነው የምልዎት፣ ከመናደዴ በፊት አማረኝና ቆሜ አየሁት።

እማዬ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ሁለት ስኒ፣ የዝንጅብል ሻይ፣ ዳቦ ተቆርሶ። ስታየኝ ደነገጠች። «ቤቱ ታፍኖ እኮ ነው ልጄ፣ ላናፍሰው ብዬ…» ማለት ጀመረች። ሳትጨርስ የጋዙ መኪና ከቤቱ ፊት ያለው መግቢያ፣ ድራይቭዌዩ ላይ ገባ። ክላረንስ ታንኩን ሞልቶ ሲጨርስ ቦቲ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲው ገባ፣ ራሱን ጎንበስ አድርጎ «ጤና ይስጥልኝ እማማ» አለ። በአማርኛ!

እኔን ሲያይ ሊወጣ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ከዚያ ሲጫወቱ ተመለከትኩ። እሱ በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራት፣ እሷ በአማርኛ ትመልሳለች። ባለቤቱ ታማ ሆስፒታል እንደነበረች፣ አሁን ቤት እንደገባች ነገራት። እማዬ አንድ ቃል ሳይገባት ፊቱን አየችና «አይዞህ ልጄ፣ እሱ ያውቃል» አለችው። ሰውየው «አይዞህ» የምትለዋን ያውቃታል። ዓይኑን ጠረገ።

እሱ ከሄደ በኋላ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ስዘጋ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። መርፌው ቀዩ ጋ ሲደርስ እንደሚመጣ ገብቷታል። ጠዋት ጠዋት ታንኩ ጋ የምትሄደው መርፌውን ልታይ ነው። ሲዘገይባት ሙቀቱን ትጨምርና መስኮት ትከፍታለች፣ እኔ ልገባ ስል ትመልሰዋለች። ሥራ ቦታ ቆሜ የምውለው ለዚህ መስኮት ነበር!

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህኩባት። «ለምን?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለችኝ። «መሬት ግዢልኝ አልኩ፣ ገዛሽልኝ። ደግሞ ሰው ግዢልኝ ልበልሽ?»

አለቀስኩ፣ ጋሼ። እሷም አለቀሰች። ቲኬት አልቆርጥም። ሌላውን ሁሉ ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ስመኝ


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ደብዳቤሽን የሺሀረግ ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፣ ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝ። ያ አረንጓዴ መስመር ከዓይኔ አልጠፋም። ማታ ሳስበው፣ እትዬ የምትደፋው ውሃ ያርፍበት የነበረው ጓሮም እንደዚያው ነበር። ምድሩ ሁሉ ደርቆ እዚያ ብቻ ጎመን ይበቅል ነበር። እናታችን ትደነቅበት ነበር።

አትፍረጂባት። በራስሽም ላይ አትፍረጂ። እኔ የማውቀው መድኃኒት የለኝም፣ ብቻ ራት ስትበሉ ስልክሽን አጥፊው።

ስለ እንስራው እኔ እንደነገርኩሽ ግን እንዳታወጪ፣ በእመቤቴ! ትገድለኛለች።

አጎትሽ ንጋቱ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማርች 30 ቀን 2025

ለምወድዎት አጎቴ ለጋሼ ንጋቱ፣

ጾሙን እንዴት ይዘውታል? እዚህ ብርዱ ጨርሶ ለቀቀ። ዛፉ ሁሉ ሮዝና ነጭ አበባ አብቅሎ፣ ነፋስ ሲነካው መንገዱ ላይ ይዘንባል። ሰው ሁሉ ፀሐይ ወጣ ብሎ ሲፈነድቅ እማዬ ተከፋች። ለካ ሙቀት ሲመጣ ማንም ጋዝ አይፈልግም፣ መኪናውም አይመጣም። ታንኩ ሙሉ ነው፣ መርፌው አይነቃነቅም። እሷ ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት ሄዳ ታየዋለች።

እኔ ኦቨርታይሙን ቀንሻለሁ፤ ረቡዕ ረቡዕ ኦፍ ወስጄ ሐበሻ ወደሚበዛበት ታኮማ ፓርክ ይዣት እወርዳለሁ፣ ሱቅ ለሱቅ እንዞራለን፣ ከሁሉም ሰው ጋር ታወራለች። ቤቱን ግን እንዴት እንደማደርገው አልወሰንኩም። በሰመር ለጋዙ ቀድሜ ልክፈል ወይስ ሸጬው ወደ ዊተን እንመለስ? ስጠይቃት «እንደፈቀድሽ» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። «ላስብበት» አለች። ተስፋ አደረግኩ።

አሁን የዛሬውን ልንገርዎት። ከቅዳሴ መልስ ሻይ እየጠጣን ሳለ ድራይቭዌዩ ላይ መኪና ቆመ። የጋዝ መኪና አይደለም፣ ትንሽ የቤት መኪና። ክላረንስ ነው፤ ሙሉ ልብስ ለብሷል። ዞሮ በሩን ከፈተና ቀጭን ሴትዮ ደግፎ አወረደ፤ ባለቤቱ ናት። እማዬ በመስኮት አየችና «ነጮ ሙሉ ነው እኮ! ማን ጠራው?» አለችኝ። «ማንም አልጠራውም እማዬ» አልኳት። ነጠላዋን ሳታስተካክል ሮጣ ወጣች። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም ነበር።

እስካሁን ሳሎን ናቸው፣ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ነው የምጽፍልዎት። ለቆርቆሮው የሚሆነውን ልኬያለሁ፣ ከባንክ ይውሰዱ። እማዬ ለደብዳቤው የራሷ ቃል አላት፣ እንደነገረችኝ እጽፋለሁ።

«ንጋቱ፣ እንደምን አለህ ወንድሜ? እንስራውን ለልጄ እንደነገርክብኝ ከሁኔታዋ አውቄያለሁ። ምላስህ ይቆረጥ ብዬህ ነበር፤ ይቅር ብዬሃለሁ፣ አይቆረጥ። ብቻ አንተ ያንን ጉድ እንዴት ልታየኝ እንደቻልክ ለልጄ አልነገርካትም። ተከትለኸኝ ነዋ! በዚያ ቤት ብቻህን መቀመጥ አንተም አልሆነልህም ነበር። አሁንም ብቻህን እንደሆንክ አውቃለሁ፤ አንተም በደብዳቤህ ደህና ነኝ ብለሃል። ቆርቆሮውን ግዛ። የሺሀረግን ጥራት፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጥራ፣ ሻይ አፍላላቸው። እና ወንድሜ፣ በአንድ ቀን አትጨርሰው። ዛሬ አንዱን ምታ፣ ነገ አንዱን። ለሚቀጥለው ቀን ሁልጊዜ አንድ ቆርቆሮ አስቀር።

እህትህ እንግዳወርቅ»